የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ በአሮጌ ማውንቴን ብስክሌት ላይ የኮርስ መሪ መግጠም

በቅርቡ ከደረሱን የብስክሌት ጥያቄዎች መካከል አራቱ ከተለያየ ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም የሚጠይቁት አንድ ነገር ስለሆነ ለዚህ እትም በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጥያቄው ቀጥ ያለ መሪ ያለውን አሮጌ ማውንቴን ብስክሌት፣ እንደ ኮርስ ብስክሌት ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ታች በሚጠማዘዝ መሪ መቀየር ያዋጣል ወይ የሚል ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስለ መሪው ብዙ ተጽፎ ስለ ፍሬኑ ግን እምብዛም ስላልተነሣ፣ እኔ በበኩሌ ለፍሬኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ በ40 ዶላር የሸጠልኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የብረት ማውንቴን ብስክሌት አለኝ፤ የፊት ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ስፕሪንግ የሌለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቼሳፒክና ኦሃዮ በተባለው ቦይ ዳር ባለው መንገድ ከዋሽንግተን ዲሲው ጆርጅታውን ተነሥቼ እስከ ከምበርላንድ ለመጓዝ አስቤአለሁ። ይሁን እንጂ ሁለት ሰዓት ያህል ስነዳ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። የኮርስ መሪ ባስገጥምለት ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ይሻልዎታል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ከእጅዎ ልጀምር። ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው ወፈር ያለ ሥጋ ሥር ነው። ቀጥ ያለ መሪ እጅን በአንድ አኳኋን ብቻ ስለሚያስይዝ፣ የላይኛው ሰውነትዎ ክብደት ለሰዓታት በዚያችው ቦታ ላይ ያርፋል። የኮርስ መሪ የሚያሳርፈው መያዣው ብዙ ስለሆነ ነው፤ አንዴ ከላይ ቀጥ ባለው ክፍል፣ አንዴ በጥምዙ ትከሻ፣ አንዴ በፍሬን እጀታው አናት፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ዝቅ ብሎ በታችኛው ቀንድ መያዝ ይቻላል። ከዚህም ሌላ በፍሬን እጀታው አናት ላይ ሲይዙ መዳፎችዎ፣ ሰው ቆሞ እጁን ዘና አድርጎ ሲያወርድ እንደሚሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የእጅ አንጓም ሳይጠመዘዝ ያርፋል። ድንዛዜው ከብስክሌት ወርደው ካደሩ በኋላም የማይለቅዎ ከሆነ ግን መሪ ከመቀየርዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የመረጡት መንገድም ለእንዲህ ያለ ብስክሌት የሚስማማ ነው። በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ ይመላለሱበት የነበረው ይህ የቦይ ዳር መንገድ፣ ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1924 አገልግሎት ካቆመ በኋላ እንደ ታሪካዊ ፓርክ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ወይም 297 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አፈርና ጠጠር እንጂ አስፋልት ስላልሆነ፣ በተለይም ዝናብ ከጣለ በኋላ ጭቃው ስለሚይዝ፣ ለቀጭን የኮርስ ጎማ አይመችም። የእርስዎ ብስክሌት ግን 26 ኢንች ወፍራም ጎማ የሚያሳልፍ ሰፊ ፍሬም አለው፤ 1.75 ወይም 2 ኢንች ስፋት ያለው፣ ጥርሱ ያልበዛ ጎማ ቢያለብሱት ያለችግር ይወስድዎታል። ብርቱ አቀበትም ቁልቁለትም የሌለበት ሜዳማ መንገድ ስለሆነ፣ የሚያደክመው ለቀናት በአንድ አቀማመጥ መቆየቱ ነው፤ የኮርስ መሪ የሚጠቅመውም እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነም ልጨምር። የጃፓኑ ብሪጅስቶን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ኤምቢ-1 የተባለው ማውንቴን ብስክሌት ከፋብሪካው የወጣው በኮርስ መሪ ነበር። አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ጆን ቶማክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በጎዳናም በማውንቴንም ይወዳደር ስለነበር፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አቀማመጥ እንዲኖረው ብሎ ማውንቴኑን በኮርስ መሪ ነድቷል። በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሰፊ መሪ ብስክሌቱን ለመቆጣጠር ስለሚበልጥ አሠራሩ በውድድር ዓለም አልተስፋፋም፤ በጥርጊያና በጠጠር መንገድ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ ሰው ግን ጥቅሙ ዛሬም እንዳለ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልለፍ፤ እሱም ርዝመት ነው። ማውንቴን ብስክሌት የሚሠራው እጅ ቀጥ ባለው መሪ ላይ እንደሚያርፍ ታስቦ ስለሆነ፣ ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው የፍሬሙ ርዝመት ተመሳሳይ ቁመት ላለው ሰው ከሚሠራው የኮርስ ብስክሌት ይበልጣል። የኮርስ መሪ ሲገጠም ደግሞ፣ መሪው ራሱ ወደ ፊት ስለሚወጣና የፍሬን እጀታው አናት ከዚያም አልፎ ስለሚሄድ፣ እጅዎ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይርቃል። በዚያ ዘመን የተሠሩት ብስክሌቶች መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያይዘው አንገት ብዙ ጊዜ 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ የመጀመሪያዬን ብስክሌት ስቀይር ይህን ረጅም አንገት እንዳለ ትቼ መሪውን ብቻ ገጠምኩ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማጅራቴና ትከሻዬ መካከል የጀመረኝ ሕመም፣ አንገቱን በ5 ሴንቲ ሜትር እስክለውጠው ድረስ አልተወኝም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ብስክሌቱን ከግድግዳ አጠገብ አቁመው ይቀመጡበት፤ አንድ ሰው ከአሁኑ የእጅ መያዣ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ዘንግ ወይም የመጥረጊያ እጀታ አግድም ይያዝልዎትና እሱን ጨብጠው ለአምስት ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ክርንዎ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ፣ ምን ያህል ማሳጠር እንዳለብዎ ዘንጉን ወደ ራስዎ እያስጠጉ ይለኩ፤ ያገኙት ልዩነት ከአንገቱ የሚቀነሰው ርዝመት ነው። ልዩነቱ አንገቱን ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች የሚያደርስ ከሆነ ፍሬሙ ለዚህ ሥራ ረዝሞብዎታልና ይተዉት። መሪ ሲመርጡም ወደ ፊት የሚወጣው ክፍል ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠውን፣ ታችኛው ቀንዱም ወደ ውጭ ከፈት ያለውን ይምረጡ፤ ከፈት ያለው መሪ በጠጠር ላይ ይበልጥ ያስተማምናል። ቁመቱን በሚመለከት፣ የፍሬን እጀታው አናት ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ታችኛው ቀንድ ሰው የማይደርስበት ጌጥ ሆኖ የሚቀረው ከላይ ያለው ዝቅ ሲል ነው።

አንገቱን ለመግዛት ሲሄዱ ሁለት ልክ ይያዙ። በእርስዎ ዘመን ብስክሌት ላይ ወደ ፎርኩ ቱቦ የሚገባው ግንድ 22.2 ወይም 25.4 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል በመለኪያ ያረጋግጡ። መሪውን መሐሉ ላይ የሚጨብጠው አፍ ደግሞ በማውንቴን 25.4፣ በቀድሞዎቹ የኮርስ መሪዎች አብዛኛውን ጊዜ 26.0፣ በአሁኖቹ 31.8 ሚሊ ሜትር ነው። በ25.4 እና በ26.0 መካከል ያለው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ጠባቡን አፍ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማስገባት ብረቱን ይሰነጥቃል፣ ሰፊውን በብሎን ማጥበቅ ደግሞ መሪው ጉድጓድ ላይ ድንገት እንዲዞር ያደርጋል። አፉ በሁለት ወይም በአራት ብሎን ተከፍቶ የሚዘጋ አንገት ከተገኘ ሥራው ይቀላል፣ ጥምዙን መሪ በድፍን ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ አድካሚ ነውና። ግንዱ ላይ የተቀረጸችው የማስጠንቀቂያ መስመር ግን በምንም ምክንያት ከቱቦው በላይ መታየት የለባትም።

ፍሬንዎ በዚያ ዘመን እንደነበረው ካንቲሊቨር ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ሽቦ ከጎማው በላይ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ክንዶቹን የሚስብ ከሆነ፣ ተራ የኮርስ ፍሬን እጀታ በደንብ ይሠራለታል። አዲሱ አንገት የቀድሞው አንገት ይዞት የነበረውን የፊት ሽቦ ማቆሚያ ይዞ የማይመጣ ከሆነ፣ ከፎርኩ አናት ላይ የሚታሰር ማቆሚያ ለብቻው መግዛትዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ማውንቴን ብስክሌቴ ቪ-ብሬክ የሚባለው ፍሬን ያለው ነው። ከአሮጌ ኮርስ ብስክሌት የተፈታ መሪ ከነፍሬን እጀታው በርካሽ አግኝቻለሁ። መካኒኩ «ፍሬን ፍሬን ነው፤ ሽቦውን ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው» ብሎኛል። ልቀበለው?

መልስ፦ መሪውን ይግዙ፤ እጀታውን ግን በዚህ ብስክሌት ላይ እንዳያስገጥሙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

የፍሬን እጀታ ሥራው ሽቦ መሳብ ነው፤ እያንዳንዱ እጀታም ሲጨበጥ የሚስበው የሽቦ ርዝመት የተወሰነ ነው። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቪ-ብሬክ፣ ክንዶቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጡና ሽቦው ክንዶቹን ከጫፋቸው በአግድም ስለሚስብ፣ ከቀድሞዎቹ ፍሬኖች በግምት እጥፍ የሆነ ሽቦ ይፈልጋል። ተራው የኮርስ እጀታ የሚስበው ግን ለቀድሞዎቹ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬኑ ጎማ መሄድ የሚገባውን ርቀት ግማሹን ብቻ ይሄዳል።

መካኒክዎ «ጠበቅ ማድረግ ብቻ» ያሉት ይህን ለማካካስ ነው፤ ሽቦውን አጥብቆ የፍሬኑን ጎማ ከቸርኬው አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ክፍተት ላይ ማስቆም። እንዲያውም ጋራዡ ውስጥ ሲሞከር ይህ አሠራር ኃይለኛ ሆኖ ይታያል፤ እጀታው ጥቂት ሽቦ በመሳቡ ምክንያት የሚሰጠው ኃይል ይጨምራልና። ችግሩ የሚታየው መንገድ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ በዚሁ ዓይነት የተገጠመ ብስክሌት ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓድ መቶት የኋላ ቸርኬው በትንሹ ተጣመመ፤ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን መቦጨቅ ስለጀመረ ሽቦውን ራሱ ሁለት ዙር ላላ አደረገው። ቤት ሲደርስ ብስክሌቱን አቁመን እጀታውን ስጨብጠው፣ ጫፉ መሪው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ነካ፤ የፍሬኑ ጎማ ግን ገና ቸርኬውን በቅጡ አልያዘም ነበር። እጀታው መሪውን ከነካ በኋላ ሰው የቱንም ያህል ቢጨብጥ የሚጨምረው ነገር የለም። በዝናብ ወራት የፍሬን ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቸርኬው ባይጣመም እንኳ ወደዚሁ ሁኔታ መድረሱ አይቀርም።

መፍትሔው አለ። ለቪ-ብሬክ ተብሎ የተሠራ፣ መልኩ ግን የኮርስ የሆነ የፍሬን እጀታ ይመረታል፤ በስፋት የሚታወቀው ቴክትሮ አርኤል 520 የተባለው ነው። በአካባቢዎ ካላገኙ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስያዝ አያስቸግርም፤ ጥንዱ በሻንጣ ጥግ የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው። ሁለተኛው መንገድ፣ ሽቦው የሚዞርባትና ባለ ሁለት መጠን የሆነች ትንሽ መዘውር ከፍሬኑ ጋር መግጠም ሲሆን፣ እጀታው የሚስበውን ሽቦ በእጥፍ ታሳድጋለች፤ ይሁንና ሽቦው በእርሷ ላይ ደጋግሞ ስለሚታጠፍ ቶሎ ይበጣጠሳልና በየጊዜው መመርመር ይኖርብዎታል። ሦስተኛው፣ ፍሬኑን ራሱን ወደ ካንቲሊቨር መመለስ ነው፤ የሚታሰርባቸው የፍሬሙ እግሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሽቦ ማቆሚያዎቹ ከተገኙ ይቻላል። ክንዳቸው ያጠረ ትንንሽ ቪ-ብሬኮችም አሉ፤ ሽቦው ከጎማው አናት ጋር ስለሚቀራረብ ግን ወፍራም ጎማ ላለው ብስክሌት አልመርጣቸውም። ከእነዚህ አንዱም ካልተሟላ መሪውን አስቀምጠው ይጠብቁ።

ሽቦውም ራሱ ይለያያል። የማውንቴን ፍሬን ሽቦ ጫፉ እንደ ትንሽ በርሜል ድብልብል ሲሆን፣ የኮርሱ ወደ አንድ ወገን ቀጠን ያለ ነው፤ አንዱን በሌላው ቤት ውስጥ በሞረድ አስተካክሎ ማስገባት ልማድ ሆኖ አይቻለሁ፣ ግን ጭንቀት ባለበት ሰዓት አፈትልኮ የሚወጣው እንዲህ ያለው ነው። ሽፋኑን ደግሞ ቆርጠው ጫፉን ይመልከቱ፦ የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ የማርሽ ሽፋን ግን ቁመቱን ተከትለው የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ነው። የማርሹ ሽፋን የፍሬንን ጉልበት የሚችል አይደለም፤ በኃይል ሲጨበጥ ጎኑ ተሰንጥቆ ሽቦዎቹ ይበታተናሉ፣ ፍሬኑም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። መካኒኩ ቆርጦ ሲያስገባ አጠገቡ ቆመው ይህን አንድ ነገር ይዩለት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ሽሮሜዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ብስክሌቴ ከፊት 3 ከኋላ 7 ጥርስ ያለው ባለ 21 ማርሽ ነው። የፍሬኑን ነገር አስተካክያለሁ። አሁን ያሉት የማርሽ መቀየሪያዎች በኮርስ መሪ ላይ ይገባሉ ወይ? አንድ ሰው ደግሞ የፊቱን ጥርስ አንድ ብቻ አድርገህ ተገላገል ብሎኛል።

መልስ፦ አይገቡም። የማውንቴን መሪ ቱቦ 22.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኮርሱ 23.8 ነው፤ ማሰሪያውን በግድ ማስፋት ደግሞ መቀየሪያውን ይሰብራል።

ለእርስዎ የምመክረው ከመሪው ታችኛ ቀንድ ጫፍ ውስጥ የሚሰካውን ዓይነት መቀየሪያ ነው። ውስጡ ተንሸራታች የሆነ፣ ማለትም «ቀጭ» የሚል እርምጃ የሌለው ቢሆን የበለጠ ጥሩ ነው፤ የፋብሪካና የሞዴል ልዩነት አያሳስበውም፣ ሽቦው በጊዜ ብዛት ቢላላም ጆሮዎን ጣል አድርገው በጣት ማስተካከል ይችላሉ። በሳምንት ውስጥ እጅዎ ይለምደዋል። በእርምጃ የሚቀየረውን ከመረጡ፣ የሺማኖ ባለ 7፣ ባለ 8 እና ባለ 9 የኋላ ማርሽ ማሻገሪያ፣ ማለትም ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ዕቃ፣ በኮርስም በማውንቴንም አንድ ዓይነት የሽቦ አሳሳብ ስላለው ሁለቱን ማዳቀል ይቻላል፤ ከባለ 10 ጀምሮ ግን ተለያይተዋልና አይሞክሩት። የፊተኛው ማሻገሪያ በኮርስና በማውንቴን ስለማይጣጣም፣ ለፊት ሁልጊዜ ተንሸራታቹን ይጠቀሙ። ፍሬንና ማርሽ በአንድ እጀታ የተጣመሩበትን የኮርስ ዕቃም ሰው ያቀርብልዎት ይሆናል፤ እሱ የሚስበው የፍሬን ሽቦ የኮርሱን ያህል ስለሆነ፣ ቪ-ብሬክ ላለው ብስክሌት ከላይ ለባሕር ዳሩ አንባቢ የጻፍኩት ሁሉ ይመለከተዋል።

አንድ የፊት ጥርስ ብቻ ይበቃል የተባለውን በሽሮሜዳ ለሚኖር ሰው አልደግፈውም። ከቤትዎ ወጥተው እንጦጦን መውጣት ማለት ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ በቀጭን አየር መግፋት ማለት ነው፤ ትንሿ የፊት ጥርስ ያለችው ለዚሁ ነው። ሜዳ ላይ ባይነኳትም አቀበቱ ላይ ጉልበትዎን ትጠብቅልዎታለች፤ እኔ ብሆን ከሦስቱ አንዱን ቀንስ ብባል የማወልቀው ትልቁን ነበር። ሲመለሱ ደግሞ በረጅሙ ቁልቁለት ላይ እጅዎን ከታችኛው ቀንድ ላይ ያድርጉ፤ ጣቶች በፍሬን እጀታው ላይ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ ስለሚስቡ፣ ከዚያ ቦታ የሚገኘው የፍሬን ኃይል ይበልጣል። ይህ እንዲሆን እጀታው ሲገጠም ከታችኛው ቀንድ ሆነው በሁለት ጣት የሚደርሱበት መሆኑን ይሞክሩ፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ በኋላ ቦታውን መለወጥ ሥራውን እንደገና መጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ወንድሜ የተወልኝ ማውንቴን ብስክሌት የፊት ስፕሪንግ ያለውና ለእኔ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ አሁንም መሪውን ለመያዝ እንጠራራለሁ። የኮርስ መሪ የሰውነት አቀማመጥን ያስተካክላል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብስክሌት ላይ የኮርስ መሪ አይግጠሙ። አሁንም የሚንጠራሩ ከሆነ እጅዎን ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚወስድ መሪ ችግሩን ያባብሰዋል፤ አንገቱን የቱንም ያህል ቢያሳጥሩት የጠፋውን ርዝመት አይመልስልዎትም። የስፕሪንግ ፎርኩም ነገሩን ያከብደዋል፤ የፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚሠራ መሪውን ወደሚፈልጉት ቁመት ማምጣት ይቸግራል፤ በዚያ ላይ ፍሬን ሲይዙ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ክብደትዎ ሁሉ ወደ መዳፍዎ ይመጣል።

ለእርስዎ የሚስማማው ተቃራኒው ነው፦ ጫፎቹ ወደ ራስዎ የሚታጠፉ፣ ቱቦው ግን የማውንቴኑን ልክ የያዘ መሪ። ያለው የፍሬን እጀታም የማርሽ መቀየሪያም ሳይለወጥ ይገባበታል፤ ሽቦ እንኳ ላያስፈልግዎ ይችላል። አንገቱን በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ባጠረ ይቀይሩት፣ ኮርቻውንም ወደ ፊት ከመግፋት ይቆጠቡ፤ የኮርቻው ቦታ የሚለካው ከፔዳሉ አንጻር እንጂ ከመሪው አንጻር ስላልሆነ፣ ወደ ፊት ሲገፋ ጉልበትን ያማል። ይህን አድርገው በሐይቁ ዳር አንድ ሙሉ ጠዋት ነድተው አሁንም የሚንጠራሩ ከሆነ፣ ፍሬሙ የወንድምዎ ልክ ነውና በልክዎ ከሆነ ሌላ ብስክሌት ጋር ይለዋውጡት።